ፀሐይ እንዳይነካው

ልብስ ሰፊዋ ሳጥኑን ስትቀበላቸው ከውስጡ ውሃ ሲንቦጫረቅ ሰማች። ካርቶኑ ከምድጃ እንደ ወረደ ድስት ይፋጃል።

"ከጓሮ፣ የውሃ ታንከሩ ክዳን ላይ ነው ያገኘሁት" አሉ ጎረቤቷ ሽማግሌው፣ ጥፋቱ የራሳቸው ይመስል ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ልብስ ላሰጣ ብወጣ ቆርቆሮው ላይ ጉብ ብሏል። ስምሽን ሳይበት ጊዜ አመጣሁልሽ።"

"ከመቼ ጀምሮ ይሆን ጋሼ?"

"እኔ እንጃ ልጄ። ትናንት ወደ ጓሮ አልዞርኩም።"

ከመቼ ጀምሮ እንደሆነማ ሰፊዋ ታውቃለች። ከትናንት በስቲያ እኩለ ቀን ላይ "እሽግዎ ደርሷል" የሚል መልእክት ስልኳ ላይ ገብቶ ነበር። ያን ጊዜ በሩን ወለል አድርጋ ከፍታ ስፌት መኪናዋ ላይ ተቀምጣ ነበር። ሽንት ቤት እንኳ የሄደችው ልጇን በር ላይ አቁማ ነው። ያንኳኳ ሰው አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ወደ ዕቃ አድራሾቹ ቢሮ ስትደውል፣ ስትለምን፣ ስትቆጣ ከረመች። "ተረክበዋል ነው የሚለው" ይሏታል፤ ማን እንደተረከበ የሚነግራት ግን ጠፋ።

የካርቶኑ አንድ ጥግ ተጨፍልቋል። ክዳኑ ላይ የላከላት ወንድሟ በቀይ እስክሪብቶ፣ በትልልቁ፣ "መድኃኒት ነው፤ ፀሐይ እንዳይነካው" ብሎ ጽፎ ደጋግሞ አስምሮበታል። እሷ ባለችበት ከተማ የስኳር መድኃኒቱ፣ ኢንሱሊን፣ ከጠፋ ሰንብቷል፤ እሱም ያገኘው ስንቱን ደጅ ጠንቶ ነው።

በመቀሷ ከፈተችው። የበረዶ ከረጢቶቹ ሟሙተው አንዱ ፈንድቷል። ከአራቱ ብልቃጥ ሁለቱ ደቀዋል። የተረፉትን በመስኮቱ ብርሃን አየቻቸው። ሁልጊዜ እንደ ምንጭ ውሃ ጥርት የሚለው መድኃኒት ሩዝ የታጠበበት ውሃ መስሏል።

ስልኳ ጮኸ። የደወለው፣ ቢሮውን ጨቅጭቃ ቁጥሩን ያገኘችው ዕቃ አድራሹ ነው።

"አቤት እህቴ፣ ደውለሽልኝ ነበር።"

"ዕቃዬን ታንከር ላይ ጥለህ የሄድከው አንተ ነህ?"

"ሰው አጣሁማ!"

"በሬ ክፍት ነበር። እኔም እዚሁ በሩ ሥር ነበርኩ።"

የመኪና ጡሩንባ ይሰማል፤ እየነዳ ነው። "እውነቱን ልንገርሽ? መኪናውን በጓሮ በኩል ነው ያቆምኩት። የቀረኝ ዕቃ የትየለሌ ነው፣ ዞሬ እስክመጣ ይመሽብኛል አልኩ። በአጥሩ ላይ አሳልፌ ወረወር… አስቀመጥኩት። እዚያ ሌባ አያየውም ብዬ እኮ ነው።"

"የተጻፈውንስ አላየህም?"

"እህቴ፣ ሁሉም ላይ ይጻፋል። 'ተሰባሪ' ይሉሻል፣ ሲከፈት ጫማ ነው። ምን ነበር ለመሆኑ?"

"የልጄ ኢንሱሊን።"

ጡሩንባው እንደገና ጮኸ። "ውይ" አለ ሰውዬው። ቀጥሎም ቀስ ብሎ፣ "ለቢሮው አመልክቺ፣ ይተኩልሻል" አላት።

ሁለት ቀን ሙሉ ስታብላላው የከረመችው እርግማን ምላሷ ላይ ደርቆ ቀረ። ስልኩን ዘጋችውና ወንድሟ ጋ ደወለች።

"በረዶውስ?" አላት ገና እንዳነሳ።

"ሾርባ ሆኗል።"

"መድኃኒቱ ደፍርሷል? እይው እስቲ እታለም።"

"ደፍርሷል።"

"እንዳትወጊያት። ፋርማሲስቱ ከደፈረሰ ጣሉት ብሎኛል። ሆስፒታል ውሰጃት።"

"ጠዋት እዚያው ነበርን። የእኛም አልቋል፣ መድኃኒቱን ይዛችሁ ኑና እንወጋታለን አሉን።"

"እኔ አሁኑኑ እወጣለሁ። ካገኘሁ ራሴ ይዤው እሳፈራለሁ፤ ቢዘገይ ከነገ ወዲያ እደርሳለሁ።"

"እስከዚያስ፣ ወንድምዓለም?"

እሱ ግን ለመውጣት ስልኩን ዘግቶ ነበር።

ልጅቷ ሊሰፋ በተቆለለው የተማሪ ዩኒፎርም ላይ ጋደም ብላለች። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። የመድኃኒቱን የመጨረሻ ጠብታ የወሰደችው ትናንት ማታ ነው። "እማዬ፣ ውሃ" አለች። ሽማግሌው ቀድመው ቀዱላት። ጠጥታ ሳትጨርስ ብርጭቆውን መልሳ ዘረጋችላቸው፣ ድገሙኝ ብላ።

"ልጄ፣ ወንድምሽ ያለሽን ሰምቻለሁ" አሉ ሽማግሌው።

"እኔም ሰምቻለሁ ጋሼ።"

"እና?"

"እና ዝም ብዬ ላያት?"

ሽማግሌው ወደ ደጁ ዞረው ቆሙ።

ሰፊዋ ሁለቱን ብልቃጦች ጎን ለጎን አድርጋ አመዛዘነቻቸው። የግራው ሻል ያለ መሰላት። ልታረጋግጥ ቦታ ስታለዋውጣቸው ደግሞ የቀኙ ሻለ። አንዱን አንስታ ክዳኑን በአልኮል ጠረገች፤ መርፌውንም በአንድ ጊዜ ሰካችው። ጨርቅ ላይ ያደረ እጅ ነው፣ ልብ ሲከዳ እንኳ አይስትም። የሁልጊዜዋን መጠን ቀዳች። ትንሽ አሰበችና ጨመረች። እንደገና አሰበችና የጨመረችውን መልሳ ገፋችው።

"ነይ የኔ እናት።"

ልጅቷ እንደለመደችው ሸሚዟን ገለበችና ዓይኗን ጨፈነች። ፊቷን ቀድማ አጨማደደች። ሰፊዋ ወጋቻት፤ ቀስ ብላ እስከ መጨረሻው ገፋች፣ ነቀለች፣ ጥጥ ያዘችበት።

የልጅቷ ፊት ተፈታ። አንድ ዓይኗን፣ ከዚያም ሌላውን ከፈተች።

"አለቀ?"

"አለቀ።"

"እማዬ፣ ዛሬ እኮ ምንም አላመመኝም!" አለች ተገርማ። "ሌላ ቀን ይቀዘቅዛል። ይኼ ሞቅ ያለ ነው። ሁልጊዜ እንደዚህ አድርጊልኝ፣ እሺ?"

"እሺ" አለች እናቷ።

ደሟ ቆሟል። ሰፊዋ ግን ጥጡን አላነሳችም፤ ባውራ ጣቷ እንደያዘችው ቀረች።