አራተኛው ካሜራ

«ደህና ሲሠራ የከረመ ካሜራ ሁሉ ትናንት እንዴት ታወረ?» አለ የማንጎ እርሻው ባለቤት አቡ ማጂድ፣ ከሬድዋን ጀርባ ቆሞ። «ሳትነካው አልቀረህም። ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ እንደሌለህ አትርሳ፤ ለአንተ ለፖሊስ አንድ ስልክ መደወል ይበቃል።»

«ወላሂ አልነካሁም፣ አሚ» አለ ሬድዋን፤ አሠሪውን በዐረብኛ «አጎቴ» እያለ ነው የሚጠራው።

ሬድዋን ደሴ እያለ የኮምፒውተር ጥገና ጀምሮ ነበር። በሳዑዲና በየመን ድንበር፣ አል-ሙወሰም አጠገብ ባለው በዚህ እርሻ ግን ሥራው ውኃ ማጠጣት ነው። ስክሪኑ ላይ አራት ጥቁር ሳጥኖች ይታያሉ። የመሣሪያዎቹን ዝርዝር ሲከፍት ነገሩ ገባው፤ ሲስተሙ ራሱን ሲያድስ ካሜራዎቹ የሚገናኙባቸውን የፖርቶች ቁጥር ቀያይሮታል፣ ፕሮግራሙ ደግሞ ካሜራዎቹን በድሮ ቁጥራቸው ይፈልጋል።

እጁ ኪቦርዱ ላይ ደርቆ ቀረ። አራተኛው ካሜራ የሚያየው የውኃ ሞተሩን ቤት ውስጡን ነው። እዚያ የአገሩ ልጅ ኑሩ አለ፤ ከየመን ሲሻገር ገደል ገብቶ እግሩ ተሰብሯል። ትናንት ካሜራዎቹ ሲጠፉ አዝሎ ያስገባው ሬድዋን ራሱ ነው።

«ያላ!» አቡ ማጂድ ወንበሩን በእርግጫ መታው። «ምን ትጠብቃለህ?»

የአንደኛውን ቁጥር አስተካከለ፤ የግቢው በር ታየ። ሁለተኛው መጣ፤ ሦስተኛውም። የአራተኛውን ፖርት ግን ዘጋው።

«ይሄኛው ተቃጥሏል፣ አሚ። ሌላ መግዛት ነው።»

አቡ ማጂድ ስክሪኑን ትቶ የሬድዋንን አንገት ነው የሚያየው። ላብ ቁልቁል ይወርዳል።

«ተቃጥሏል?»

«አዎ።»

«ኸላስ። ሄጄ አየዋለሁ።»

ወጣና በሩን ከውጭ ቆለፈው።

ሬድዋን መስኮቱ ጋ ሮጠ፤ በብረት ፍርግርግ የታጠረ ነው። ቢጮህም የሞተሩ ጩኸት ድምፁን ይውጠዋል። ኑሩ ስልክ የለውም። ምናልባት ወጥቶ ይሆናል፤ እየዳኸም ቢሆን ማንጎው ውስጥ ገብቶ ይሆናል። አላስቻለውም። ተመልሶ ፖርቱን ከፈተው።

ኑሩ አልወጣም። የማዳበሪያ ጆንያ ላይ የታሰረ እግሩን ዘርግቶ ተኝቷል። በሩ ሲከፈት ብርሃኑ ፊቱ ላይ ወደቀ። ሬድዋን የመጣ መስሎት ይሆናል፣ ዓይኑን በክንዱ ከልሎ ፈገግ አለ።

አቡ ማጂድ አጠገቡ ደርሶ ቆመ። ኑሩ ክንዱን አወረደ፤ ፈገግታው ጠፋ፤ በተኛበት ወደ ግድግዳው ተንፏቀቀ።

አቡ ማጂድ ግን እሱን ማየት ትቷል። ቀና ብሎ፣ ተቃጥሏል የተባለው ካሜራ ላይ አሁን የበራችውን ቀይ መብራት እያየ ነው። ስልኩን ከኪሱ አወጣ፤ ጆሮው ላይ እስኪያደርገው ድረስም ስክሪኑ ውስጥ ሆኖ ዓይኑን ከሬድዋን ዓይን አልነቀለም።