በሩ ከመነቀሉ በፊት

ስህተቱ የታየው ኢክላስ የአሮጌውን መስጊድ ፎቶዎች በላፕቶፗ ገጣጥማ ባለ ሦስት አውታር ሞዴሉን ካወጣች በኋላ ነበር። ግድግዳው ጥርት ብሏል፤ የበሩ ደፍ ግን ተጣሞ ተደበላልቋል።

«ሳነሳ በመሃል ደፉ ላይ ያሉትን ጫማዎች የነካ አለ?» አለች።

«እኔ ነኝ» አለች እናቷ። «አንዱ ጫማ ተገልብጦ ሳየው ክፉ ነገር ይጠራል ብዬ መለስኩት።»

«እማዬ! ዕቃ ከተንቀሳቀሰ እኮ ምስሉ አይገጥምም!»

በሩ በማግስቱ ጠዋት ተነቅሎ በብረት ሊተካ ነው። ፀሐይዋ እያዘቀዘቀች ነበር። ዘበኛው ጋሽ አብዱልሃሚድ ቁልፉን ይዘው ቆመዋል።

«እንደገና አንሺው» አሉ። «የእናትሽን እጅ ግን እሰሪልኝ።»

ኢክላስ ጫማዎቹን አርቃ ደፉን ከየአቅጣጫው አነሳችው። እናትየዋ እጆቿን ወደ ኋላ አጣምራ፣ ባትሪው ያልቃል፣ ዝናብ ይመጣል ስትል ቆየች። ሁለቱም አልሆኑም።

«ተዘግቶም ላንሳው፤ ይዝጉልኝ ጋሼ።»

ሽማግሌው በሩን ገጥመው ቁልፉን ከከተቱ በኋላ ቆም አሉ። «ሠላሳ ዓመት ማታ ማታ ቆልፌዋለሁ። እጄም ፎቶው ውስጥ ይግባ?»

«ካላንቀሳቀሱት ይገባል።»

እናትየዋ እጃቸው መንቀጥቀጡ አይቀርም ብላ ፈራች። ኢክላስ ከግራም ከቀኝም አንስታ እስክትጨርስ ግን ጣታቸው እንኳ አልተነቃነቀም። ከዚያ ቁልፉን አዞሩት።