የኤረር ፊሽካ

የባቡር ሙዚየሙ ትዝታ ከሰው ጭንቅላት እየቀዳ ማስቀመጥ ከጀመረ ወዲህ፣ ድሬዳዋ ውስጥ ያልሰጠ የምድር ባቡር ጡረተኛ የለም። የሰጠ ሰው ግን የሰጠውን ዳግመኛ አያስታውሰውም። የአስካለ ባል ገለታም ባቡር የነዳበትን ሠላሳ ዓመት አስረክቦ፣ በምትኩ አንድ የምስክር ወረቀት ታቅፎ መጣ።

ገለታ ድሮ ኤረር ጣቢያ ሲደርስ፣ ብርቱካን ለምትሸጠው ለአስካለ ሦስቴ ፊሽካ ይነፋላት ነበር። ከተጋቡም በኋላ ደጃፉ ላይ ሦስቴ ሳያፏጭ ቤቱ ገብቶ አያውቅም። አሁን እንደ ቆጣሪ አንባቢ በር ያንኳኳል።

አስካለ ነጠላዋን ጣል አድርጋ ሙዚየሙ ሄደች። ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አድርጋ የባሏን ትዝታ ሰማች። ሞተሩ ያጓራል፣ ፍሬኑ ሲጢጥ ይላል፤ ኤረር ላይ ሲደርስ ግን ባቡሩ ጭጭ ብሎ አለፈ።

«ፊሽካው የታለ?» ብላ ከረባታሙን ኃላፊ ጠየቀችው።

«ማዘር፣ ለሥራ የተነፋ ስላልሆነ እንደ ቆሻሻ አውጥተን ጣልነው። ታሪክ ጥራት ይፈልጋል። እርስዎም ትዝታ ካለዎት ቢሰጡን...»

ከጫማው እስከ ከረባቱ በዓይኗ ለካችው።

«ጥራት! ለመሆኑ ባቡር ሲያልፍ ቆመህ አይተህ ታውቃለህ? የኔም ቆሻሻ ነው፤ እዚሁ እኔ ጋ ይቀመጥ።»

ቤቷ ገብታ አረፍ እንዳለች በሩ ተንኳኳ። አስካለ ከውስጥ ሦስቴ አፏጨች።

«ማነው የሚያፏጨው?» አለ ገለታ፣ ደጅ እንደቆመ።

«ቆሻሻው ነው፣ ግባ» አለችው።