ለምን እንደወሰዱት

የቅርጫት ኳስ ቡድኖች ተጫዋች በደመወዝ መቅጠር በጀመሩበት ሰሞን፣ የሲሚንቶ ፋብሪካው ቡድን ልጁን ከጨርቃ ጨርቁ አስኮብልሎ ወሰደው። ወስዶም ዓመቱን ሙሉ ከአግዳሚው አላስነሳውም። ልጁ አንዲት ጊዜ እንኳ አያቱ እማማ ብርቄ ፊት ቢጫወት ሌላ ምን ፈለገ! እሳቸው ግን፣ "የሰው ልጅ ወስደው ብርድ ያስመቱታል እንዴ?" እያሉ ሹራብ ይዘውለት ከኋላው ይቀመጣሉ።

ሁለቱ ቡድኖች ለዋንጫ ተገናኙ። ከልጁ ጋር በአንድ ትሪ በልቶ ያደገው ተካልኝ፣ ለጨርቃ ጨርቅ እየተጫወተ የሲሚንቶን ቅርጫት ወንፊት አደረገው። ይኼኔ አሰልጣኙ ወደ አግዳሚው ዞረ።

"አንተ፣ ተነስ!"

ልጁ ሹራቡን ወርውሮ ብድግ አለ። እማማ ብርቄ እልልታውን አቀለጡት። "እመብርሃን፣ እንዳይሰበርብኝ ብቻ!"

አሰልጣኙ ትከሻውን አቀፈው። "ያ ተካልኝ፣ ጉልበቱ ወልቆ አያትህ ናቸው አሉ ያሹለት። የትኛው ነበር?"

"ግራው" አለ ልጁ፣ ለመግባት እየተጣደፈ።

"ጎበዝ። በል ተቀመጥ።"

በሬ የሚያህለውን ተከላካይ ጠርቶ በጆሮው አንሾካሾከለትና ወደ ሜዳ ሰደደው። እማማ ብርቄ ገና እልል እያሉ ነበር።