የጨርቅ ቅጠል

ጋሼ አሳምነው የመኪና መስኮት ሳይዘጉ ስልክ የማውራት ልማድ አላቸው። ማክሰኞ ጠዋት ዮፍታሄ ከሚሠራበት ሬስቶራንት በር ላይ መኪናቸውን ተቀብሎ ፓርክ ሊያደርግ ሲጠጋ፣ «ቅዳሜ ማለዳ ነው፤ እነ ፍፁም ቤት። የለም፣ ገና አልሰማም። ሰዉ ብዙ ነው፣ ቤቱ ግን የክብሪት ቀፎ ነው» ሲሉ ሰማቸው።

ቁልፍ ለመቀበል የዘረጋው እጁ እንደተዘረጋ ቀረ። ጋሼ አሳምነው ሎስ አንጀለስ፣ የፌርፋክስ ሰፈር እድር ሊቀመንበር ናቸው። ሰው ሰብስበው ማለዳ ቤት ካንኳኩ ለመርዶ ነው።

«ጋሼ፣ የፍፁም አባት ናቸው?»

ሽማግሌው ስልኩን ዘጉ።

«አንተ ምን ሰማህ?»

«ሁሉንም። ኩላሊታቸውን እንደሚያማቸው አውቃለሁ።»

«እንግዲያው አፍህን ዝጋ። ቅዳሜ ሥራ እንዳትገባ። ከቤትም ንቅንቅ እንዳትል።»

«እንዴት ትቼው እወጣለሁ፣ ጋሼ!»

ዮፍታሄና ፍፁም ከፌርፋክስ ገባ ብሎ ባለች አንዲት የጓሮ ክፍል አራት ዓመት አብረው ኖረዋል። ፍፁም ሳንታ ሞኒካ ሆቴል ውስጥ ሻንጣ ይገፋል። አምና የሁለቱም ጓደኛ ሄራን የወንድሟን ሞት ሥራ ቦታዋ ላይ ሆና ፌስቡክ ላይ አየች። ዳውንታውን፣ የፓርኪንግ ሦስተኛ ፎቅ፣ ብቻዋን። ሲደርሱላት ግንባሯ በሲሚንቶው ተልጦ ነበር። ዮፍታሄ ያን ቀን አይረሳውም። ፍፁም እንደዚያ አይሰማም፤ ቅዳሜ፣ ሰው መሐል ሆኖ ነው የሚሰማው።

አራት ቀን ወሬውን ማገድ አንድ ነገር ነው። ሁለት ሰው በማይተላለፍበት ክፍል ለአርባ ሰው ቦታ ማስለቀቅ ደግሞ ሌላ። አልጋ ቢያነሳ «ምነው?» ይባላል። ይህን እያሰላሰለ ወደ ቤት ሲገባ ጎረቤታቸው ፈረንጇ ቅጠል ለሚረግፍበት ወቅት ደረጃዋ ላይ ዱባ ስትደረድር አየ።

«ስማ» አለ ለፍፁም፣ «ቤታችንን ለፎል ዲኮሬት እናድርገው።»

ሌላ ቀን ቢሆን ፍፁም በሳቅ ይፈርስ ነበር። «ዘንባባ ቅጠል በማያረግፍበት አገር ምን ፎል አለ» የሚል ልጅ ነው።

«ኦኬ» አለ ፍፁም። «መጀመሪያ ሶፋውን እናውጣው።»

ዮፍታሄ ዕድሉን ማመን አቃተው።

ረቡዕ ከዶላር ሱቅ ቀይና ቢጫ የጨርቅ ቅጠል፣ ሦስት ዱባም ገዙ። ከበረሃ የሚመጣው የጥቅምት ትኩስ ነፋስ ተነስቶ ስለነበር በሩ ላይ የለጠፉትን ቅጠል ገንጥሎ መንገድ ላይ በተነው። ለቅመው ለጠፉ። እንደገና በተነው። ዮፍታሄ በመሐል ገብቶ የዋይፋዩን ገመድ ነቀለና «ተበላሸ» አለ። አንድ ደቂቃ ጌም ከተቋረጠበት ሰፈር የሚያውክ ፍፁም፣ «ይሁን፣ ዓይናችንም ይረፍ» ብሎ ቅጠሉን ቀጠለ።

ሐሙስ ከጋርዴና በፍፁም መኪና አራት እስር ገለባ አመጡ።

«ፈረስ ልንገዛ ነው እንዴ?» አለ ፍፁም።

«መቀመጫ ነው። ፈረንጅ እንዲህ ነው የሚያደርገው።»

ዱባዎቹን ሲያጥቡ የፍፁም ክርን የዮፍታሄን ስልክ መታውና ባልዲ ውስጥ ገባ።

«ወይኔ! ሶሪ፣ ብሮ!»

«ተወው ባክህ። እናቴ ጠበል ገብታለች፣ እህቴ ካርድ የላትም፤ ማን ይደውልልኛል?» ዮፍታሄ ስልኩን እንዲደርቅ ሩዝ ውስጥ ቀበረው።

ፍፁም ወደ ጓሮ ወጣ። ሲመለስ ዓይኑ ደም መስሏል።

«ምን ሆንክ?»

«ነፋሱ ነው። አቧራ ገባብኝ።»

ዮፍታሄ ሰረቅ አድርጎ አየው። ሰምቷል? ሆቴል ውስጥ አንድ አፈኛ ነግሮት ይሆን? ፍፁም ሻወር ሲገባ ዮፍታሄ የእሱን ስልክ አነሳ። ተቆልፏል። ያለበት ቦታ መለሰው።

አርብ ከእትዬ ዘቢደር ሬስቶራንት ወንበር የሚጭንበት ቀን ነበር። ውሸቱን ሲያጠና አደረ።

«ሃያ ወንበር ተውሻለሁ» አለ። «ያው ለሃሎዊን ጓደኛ ብንጠራ ብዬ…»

«ሠላሳ አድርገው።»

«ማን ሊመጣ ነው ሠላሳ?»

«ማን ሊመጣ ነው ሃያ?»

ሁለቱም ሳቁ። ሁለቱም እኩል አቆሙ።

ሠላሳ አደረጉት። አልጋዎቹን ጓሮ አውጥተው ፍራሾቹን ግድግዳ አስደገፉ። ክፍሏ በቀይ በቢጫ ተሸልማ፣ ገለባ ገለባ እየሸተተች፣ የሰርግ ድንኳን መስላለች። ዮፍታሄ መቀመጥ አቃተው፤ የተስተካከለውን ቅጠል ያስተካክላል።

«ና ብላ» አለ ፍፁም።

«በልቻለሁ።»

«አልበላህም። አይቼሃለሁ።» ጠቅልሎ አጎረሰው። ደገመው።

«ዛሬ ደግሞ ሚስቴ ሆንክ?»

«ዝም ብለህ ብላ። ነገ…»

«ነገ ምን?»

«ነገ ቅዳሜ ነዋ።»

ዮፍታሄ ሳያላምጥ ዋጠው።

ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ መንገዱ ላይ የመኪና በሮች አንድ በአንድ፣ ቀስ ብለው ተዘጉ። ዮፍታሄ ከእንቅልፉ ሲነሳ ፍፁም ለባብሶ መሐል ወለል ላይ ቆሟል። ምስኪን፣ ሥራ የሚገባ መስሎታል አለ በልቡ።

በሩ ተንኳኳ። እትዬ ዘቢደር ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ቀድመው ገቡ፤ ከኋላቸው ሌሎቹ። ማንም «እንደምን አደራችሁ» አላለም። ዮፍታሄ ሮጦ ከፍፁም ጎን ቆመ፤ ሲወድቅ ሊይዘው። የፍፁም ክንድ ግን ቀደመውና የዮፍታሄን ጀርባ አቅፎ ጭምቅ አደረገው።

«አይዞህ፣ እኔ አለሁ» አለው ዮፍታሄ በጆሮው።

ጋሼ አሳምነው ፍፁምን አልፈው መጡና የዮፍታሄን ሁለት እጆች ያዙ።