ከመስኮት የተለቀቀ

ሸፊቃ ከጂቡቲ በድብቅ ካመጣቻቸው ሸሚዞች አራተኛውን በጭንቅላቷ ስታወጣ አንገቷ ላይ ይያዝባታል። ናይለኑ በላብ ከገላዋ ተጣብቋል። ከሥሩ ገና ሦስት አለ። ባቡር ጣቢያው ላይ የጉምሩክ ፊናንሶቹ ዛሬም "ምነው ወፈርሽ?" ብለዋት ነበር፤ አርግዤ ነው ብላ አለፈች። ከዓምና ጀምሮ እንዲህ እያለች ለምን እንዳልወለደች የጠየቃት የለም።

ፋዱሞ የግቢውን በር ገፍታ ትገባለች። በየጠዋቱ የፍየል ወተት የምታመጣላት ደንበኛዋ ናት፤ ቤቷ ከከተማው ወጣ ብሎ ሐዲዱ ዳር ነው። ዛሬ ባዶ እጇን ነው የመጣችው።

"ወተቱስ?"

"ፍየሏ ሞተች፣ ወላል፣ እህቴ።" ፋዱሞ እደጃፉ ቁጭ ትላለች። "ሆዷ ተነፍቶ፣ ሣር እምቢ ብላ ሰነበተች። ምን እንደገደላት ልወቅ ብዬ ቀደድኳት። ይሄ ወጣ።"

ከልብሷ ጫፍ የፈታችው ነገር ጡጫ ያህላል። ተጨማዶ ደርቋል፤ ታጥቦ እንኳ ይሸታል።

"በሽታው ይሄ ነው። ቆዳ ይመስላል፣ ቆዳ ግን አይደለም። አንቺ አገር ታውቂያለሽ፣ ጂቡቲ ትደርሻለሽ፤ አቦ መድኃኒቱን ንገሪኝ። ሁለተኛዋም ዛሬ መብላት ተወች። የቀረችኝ እሷ ናት። ልጆቹ የሷን ወተት ነው የሚጠጡት።"

ሸፊቃ ጥቅልሉን በጥፍሯ ትፈለቅቀዋለች። አንዱ ጥግ ላይ ወርቅማ ፊደል ብቅ ይላል። ታውቀዋለች። የድሬ ጎረምሳ ካኪውን ንቆ በየወሩ አዲስ ናይለን ይላል፤ እሷና ጓደኞቿም ከሽኒሌ ጣቢያ ወዲህ ሸሚዙን ከማሸጊያ ላስቲኩ እያወጡ ይደርቡታል፣ ላስቲኩን በባቡሩ መስኮት ይለቁታል። ነፋስ ይወስደዋል ብላ ነበር። ወዴት እንደሚወስደው አስባ አታውቅም። አሁን ማፈሯ ከላቡ በላይ ያቃጥላታል።

"በሽታ አይደለም፣ ፋዱሞ። የሸሚዝ ላስቲክ ነው። እኔ የጣልኩት ነው።"

ፋዱሞ በሸፊቃ ገላ ላይ የቀሩትን ሸሚዞች ታያለች።

"እኛ ደግሞ ጥሩ ነገር መስሎን" ትላለች። "ልጆቹ ዓይናቸው ላይ አድርገው ፀሐይ ያዩበት ነበር። መድኃኒት የለውም በይኛ?"

"አላውቅም። ወላሂ አላውቅም።"

ከከተማው ጫፍ ከጂቡቲ የሚመጣው የሁለተኛው ባቡር ጡሩምባ ይሰማል። ሸፊቃ ውስጡ እነማን እንዳሉ ታውቃለች፤ ከጓደኞቿ ኻድራ አለች፣ በድሪያ አለች። ይሄኔ ደርበው ጨርሰዋል። መስኮቶቹም የለቀቁትን ለቀዋል።

ፋዱሞ ልብሷን አራግፋ ትነሳለች። "የሰፈሩ ፍየሎች ሳይደርሱበት ላስቲኩን ልልቀመው።"

ሸፊቃ ከግድግዳው ሥር ባዶ ጆንያ ታነሳለች። የቀረውን ለማውለቅ ጊዜ የለም። ሦስቱን ሸሚዝ እንደደረበች፣ በዚያ ፀሐይ፣ ሐዲድ ሐዲዱን ትከተላታለች።