ከሁሉ ቀድሞ የወጣ እጅ

የክልሉ ፕሬዚዳንት ከሞቱ ሁለት ሳምንት ሆኗቸዋል። ምክትላቸው ዛሬ ወንበሩ የእሱ እንደሚሆን ቅንጣት አልተጠራጠረም፤ ለደስታው ሁለት ሙክት አሳርዶ ነው ከቤቱ የወጣው። ተቀናቃኙ ልጁን ክርስትና ያነሳለት አበልጁ ማንያዘዋል ብቻ ነበር፤ በእሱም ላይ ምክትሉ ባልሠራው ሙስና ጥቆማ ጽፎ ለፓርቲው አስገብቶበታል።

ምክር ቤቱ አዲስ ፕሬዚዳንት ሊመርጥ ተሰበሰበ፤ ከምርጫው በፊት ግን አፈ ጉባኤዋ አንድ አጀንዳ አስቀደሙ። «በአባሪው ላይ የተጠቀሰው አባል ያለመከሰስ መብት እንዲነሳ ጥያቄ ቀርቧል። የምትደግፉ?»

አባሪውን የገለጠ አልነበረም። በዚያ አዳራሽ መጀመሪያ እጅ ይወጣል፤ ንባቡ ኋላ ይደርሳል። ምክትሉ ከሁሉ ቀድሞ እጁን ሽቅብ ሰደደ። አጠገቡ የተቀመጠው ማንያዘዋልም አወጣ።

«አይ ሞኝ፣ በገዛ ራሱ ላይ!» አለ ምክትሉ በሆዱ፤ ሳቁንም በመከራ ዋጠ።

«ተቃውሞ? ድምፀ ተአቅቦ? በሙሉ ድምፅ ጸድቋል» አሉና አፈ ጉባኤዋ መነጽራቸውን አድርገው ስሙን አነበቡ።

ሁለት ፖሊሶች ገቡ፤ ማንያዘዋልን አልፈው የምክትሉን ክንድ ያዙ።

ማንያዘዋል መንገድ ሊለቅላቸው ብድግ አለ። «አይዞህ አበልጄ» አለው፤ «ሙክቶቹን እኛ እንበላልሃለን።»